የመኖሪያ ቤት ዘይቤዎች አሰያየም በአማርኛ

1. መግቢያ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አዲስ መኖሪያ ቤት ለመሥራት ያሰበ ሰው የቤቱን መልክና አሠራር በሚመርጥበት ጊዜ የሚገለገልባቸውን የአማርኛ ቃላት መመርመር፣ በውጭ ቋንቋ የተጻፉ የሕንፃ መጻሕፍትን፣ ውሎችንና የንድፍ መግለጫዎችን የሚተረጕሙ ሰዎች የሚያጋጥማቸውን ችግር ማስረዳት፣ እንዲሁም ለጊዜው ሊሠራባቸው የሚችሉ ሥያሜዎችን ለውይይት ማቅረብ ነው።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል አንድ ምሳሌ እናስቀድም። አንድ ሰው «ዘመናዊ ቪላ» ለማሠራት ውል ገባ እንበል። ባለቤቱ «ዘመናዊ» ሲል ውሃው፣ ወጥ ቤቱና መጸዳጃው ከውስጥ የሆነ ቤት ማለቱ ነው። ንድፉን የሠራው ባለሙያ ግን ጣሪያው ጠፍጣፋ፣ ግድግዳው ጌጥ አልባ፣ መስኮቱ ሰፊ የሆነውን የታወቀ የሕንፃ ዘይቤ ተረድቷል። የሥራ ተቋራጩ ደግሞ «ቪላ» የሚለውን ይዞ ፎቅ የሌለው ቤት እንደ ታዘዘ ቈጥሮ ዋጋውን አስልቷል። ከሦስቱ የዋሸ የለም፤ ቃሉን ሁሉም እንደ ልማዱ ተረድቶታል። ይሁን እንጂ ቤት ለአብዛኛው ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ የሚሠራ፣ የዓመታት ጥሪት የሚፈስበት ነገር በመሆኑ የቃሉ ብዥታ በገንዘብ ይከፈላል።

2. አማርኛ ቤትን በምን በምን ይሰይማል?

አማርኛ የቤት ስም የቸገረው ቋንቋ አይደለም። ነገር ግን ስሞቹ የሚመሠረቱት በተለያዩ መስፈርቶች ሲሆን እያንዳንዱ ስም የቤቱን አንድ ገጽታ ብቻ ይይዛል። ዋና ዋናዎቹ መስፈርቶች የሚከተሉት ናቸው።

(ሀ) ቅርፅ። «ጎጆ» ክብና ክዳኑ ሾጣጣ የሆነውን፣ «ሰቀላ» ደግሞ ማዕዘን ያለውንና ረዘም ብሎ የሚሠራውን ቤት ይለያሉ።

(ለ) የተሠራበት ነገር። «ሣር ቤት»፣ «ቆርቆሮ ቤት»፣ «ጭቃ ቤት»፣ «ድንጋይ ቤት»፣ «ብሎኬት ቤት» ይባላል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ስሞች ክዳኑን፣ የኋለኞቹ ግን ግድግዳውን የሚያመለክቱ መሆናቸው ነው። ስለዚህ አንድ ቤት በአንድ ጊዜ «ጭቃ ቤት»ም «ቆርቆሮ ቤት»ም ሊሆን ይችላል፤ በአዲስ አበባ ከባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር ተዋቅረው በጭቃ የተመረጉት ቤቶች አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ናቸው።

(ሐ) ከፍታ። «ምድር ቤት»፣ «ፎቅ»፣ «ደርብ»፣ «ሰገነት» የሚሉት ከዚህ ይመደባሉ። «ፎቅ» ከዐረብኛ የተወሰደና «በላይ» የሚል ፍች ካለው ቃል የመጣ በመሆኑ አማርኛ የሚቈጥረው ከምድር ቤቱ በላይ ያለውን ብቻ ነው። በእንግሊዝኛ ግን የቤት ደረጃዎች ብዛት ሲነገር ምድር ቤቱም ይቈጠራል። ስለዚህ በእንግሊዝኛ «ባለ ሁለት ደረጃ» የተባለው ቤት በአማርኛ «ባለ አንድ ፎቅ» ነው፤ ቍጥሩን እንዳለ የሚያሻግር ተርጓሚ በባለቤቱ ላይ አንድ ፎቅ ይጨምርበታል።

(መ) ይዞታ። «የቀበሌ ቤት» ከዚህ ወገን ነው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቍጥር 47/1967 የመንግሥት ከሆነ ወዲህ ሐረጉ ባለቤትነትን ብቻ መናገሩ ቀርቶ ጠበብ ያለ፣ ዝቅተኛ የጭቃ ቤት ምስልም በአድማጩ አእምሮ ያመጣል።

እንግዲህ እነዚህን መስፈርቶች ለየብቻ የሚገልጽ ቃል አለን። የቤቱን ቅርፅ፣ የግድግዳውን ዐይነት፣ የጣሪያውን አኳኋን፣ የክፍሎቹን አደላደልና ጌጡን በአንድነት አስተባብሮ የሚይዘውን ፅንሰ ሐሳብ ለመጥራት ግን የጸና ቃል የለንም። በንግግር «ስታይል» እየተባለ የሚታለፈው ይኸው ነው።

3. የውሰት ቃላት የደረሰባቸው

ክፍተቱ በውሰት ቃል ይሞላል የሚል ሐሳብ ይቀርባል። ነገር ግን ቀደም ሲል የተዋስናቸውን ቃላት ብንመለከት ፅንሰ ሐሳባቸውን ይዘው እንዳልገቡ እንረዳለን። ቃሉ ሲገባ ቋንቋው አስቀድሞ ባሰናዳቸው መስፈርቶች ውስጥ ይቀመጣል እንጂ አዲስ መስፈርት አያቆምም።

«ቪላ» በመጀመሪያ ቋንቋው በገጠር ወይም በአጸድ መካከል የሚሠራ የባለጸጋ መኖሪያ ነበር። በአዲስ አበባ አማርኛ ግን በራሱ ግቢ ውስጥ ለብቻው የሚቆም፣ ብዙ ጊዜም ፎቅ የሌለው ቤት ሆኗል፤ ማለትም ቃሉ ከከፍታ መስፈርት ገብቶ የ«ፎቅ ቤት» ተቃራኒ ሆነ። በዐረብ ባሕረ ሰላጤ አገሮች ባለው አጠራር ግን ቪላ የሚባለው ብዙ ጊዜ ፎቅ ያለው ነው። ከዚያ ሆኖ ገንዘብ የሚልክ ወንድምና እዚህ ሆኖ ቤቱን የሚያሠራ ወንድም በስልክ «ቪላ ይሁን» ብለው ቢስማሙ ስምምነታቸው በድምፅ ብቻ ሊሆን ይችላል።

«ካዛንቺስ» ሌላው ምስክር ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ የሚሠራው ድርጅት በምኅጻረ ቃል «ኢንቺስ» ይባል ስለ ነበር ያሠራቸው ቤቶች «ካዜ ኢንቺስ»፣ ማለት «የኢንቺስ ቤቶች» ይባሉ ነበር። አማርኛ ስሙን ተቀብሎ የሰፈር ስም አደረገው፤ ለቤቶቹ አሠራር መጠሪያ ግን አልሆነም። በ2017 ዓ.ም. በተካሄደው የመልሶ ማልማት ሥራ የሰፈሩ ሰፊ ክፍል ፈርሷል። የሰፈሩ ስም በአፋችን አለ፤ ከነዚያ ቤቶች አንዱን አይቶ «እንዲህ ያለ ቤት ሥራልኝ» ለማለት የሚያስችል ቃል ግን በቋንቋችን አልቀረም።

«ኮንዶሚኒየም»ም እንዲሁ ነው። ቃሉ በመሠረቱ የይዞታ ቃል ሲሆን በአንድ ሕንፃ ውስጥ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ክፍል ለብቻው፣ ደረጃውን፣ ጣሪያውንና ግቢውን ግን በጋራ የሚይዝበትን ሥርዓት ያመለክታል። በአነጋገር ግን የሕንፃ ዐይነት ሆኖ ተወሰደ፤ ባለብዙ ፎቅና ተመሳሳይ የሆኑ ሕንፃዎች የተደረደሩበት ቦታ ማለት ሆነ።

4. ለፅንሰ ሐሳቡ የሚወዳደሩ ቃላት

ለዋናው ፅንሰ ሐሳብ ሦስት የአገር ቃላት ሊወዳደሩ ይችላሉ፤ «ቅጥ»፣ «ስልት» እና «ዘይቤ»።

«ቅጥ» ለዕቃና ለቤት መልክ የቀረበ ቃል በመሆኑ በመጀመሪያ እይታ ይስባል። ሆኖም አገባቡ ሲመረመር ቃሉ የሚመዝን እንጂ የሚመድብ አይደለም። ቤት ቅጥ አለው ወይም ቅጡ ጠፍቷል ይባላል፤ «ቅጥ አምባሩ የጠፋ» እንዲሉ። «ሁለት ቅጦች»፣ «የጎንደር ቅጥና የሐረር ቅጥ» ማለት ግን ለጆሮ ይከብዳል። ለሙያ ቃልነት የሚታጭ ስም የሚቈጠርና በቅጽል የሚለይ ሊሆን ይገባዋል።

«ስልት» ይቈጠራል፤ ቅጽልም ይቀበላል። ነገር ግን «የውጊያ ስልት»፣ «የማስተማር ስልት» እንደ ማለት አንድን ግብ ለመምታት የሚቀየስ አካሄድን ያመለክታል። በሕንፃ ሥራም ይህን ፍቹን ሳይለቅ ቢገባ ይጠቅማል፤ ድንጋይ በኖራ ማያያዝ ስልት ነው፤ ቋሚና ማገር አዋቅሮ በጭቃ መመረግ ስልት ነው፤ በአርማታ ምሰሶ ማቆምም ስልት ነው። በአንድ ስልት የተሠሩ ሁለት ቤቶች ግን ፈጽሞ የማይመሳሰል መልክ ሊኖራቸው ይችላል። ስለዚህ ስልትን ለመልኩም ለአሠራሩም ማዋል ሁለቱን ያደባልቃል።

«ዘይቤ» የግእዝ ቃል ሲሆን «ዘ» እና «ይቤ» ከሚሉት ተሰናስሎ «ያለው፣ የተናገረው» የሚል መነሻ አለው። በሥነ ጽሑፍ ትምህርት «ተለዋጭ ዘይቤ»፣ «ሰውኛ ዘይቤ» እየተባለ ይታወቃል። የሚነሣበት ተቃውሞ ቤት አይናገርምና ቃሉ ለቤት አይሆንም የሚል ነው። ይሁን እንጂ ቃሉ ከንግግር ክልል ከወጣ ቈይቷል፤ «የአኗኗር ዘይቤ» የሚለውን ዛሬ ማንም ሳይቸገር ይረዳዋል። ይቈጠራል፤ በቦታና በዘመን ስም ይለያል፤ የብዙ ነገሮችን ወጥ መልክ ያመለክታል። በመሆኑም «የሕንፃ ዘይቤ» ለመልኩና ለአጠቃላይ ባሕርዩ፣ «የአሠራር ስልት» ለሥራው ዘዴ፣ «ቅርፅ» ለውጫዊው ወሰን፣ «የቤት ዐይነት» ደግሞ ለአገልግሎቱና ለአቋሙ ቢመደቡ የተሻለ ይሆናል።

5. አሳሳች ቅጽሎች

ከዋናው ቃል ይልቅ ጉዳት የሚያደርሱት የዘይቤ ስሞችን ለመተርጐም የምንጠቀምባቸው ሦስት ቅጽሎች ናቸው።

የመጀመሪያው «ዘመናዊ» ነው። በሥነ ሕንፃ «ሞደርን» የሚባለው ዘይቤ የተወሰነ ዘመን ሥራ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1919 በጀርመን አገር የተቋቋመው የባውሃውስ ትምህርት ቤትና ተመሳሳይ እንቅስቃሴዎች ያስፋፉት፣ ጌጥን የሚቀንስና ቅርፅን ከአገልግሎት ጋር የሚያስማማ ዘይቤ ነው። አርቱሮ መዜዲሚ ነድፎት በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባው የአፍሪካ አዳራሽ ከዚሁ ወገን ነው፤ አሥመራም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2017 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው በዚህ ዘመን ሕንፃዎቿ ነው። እነዚህ ሕንፃዎች ዛሬ የታሪክ ቅርስ ሆነዋል። በአማርኛ «ዘመናዊ ቤት» ማለት ግን ምቾቱ የተሟላ ቤት ማለት እንጂ ዘይቤ አይደለም። ስለዚህ የዘይቤው ስም «ሞደርን ዘይቤ» ተብሎ እንደ ተጸውዖ ስም በውሰት ቢቀር፣ በዛሬው ዘመን የሚሠራበት ደግሞ «የወቅቱ ዘይቤ» ቢባል፣ «ዘመናዊ»ም ለለመደው የምቾት ፍች ቢተው ይሻላል።

ሁለተኛው «ጥንታዊ» ነው። «ክላሲካል» የሚባለው የግሪክንና የሮማን ሕንፃዎች ሥርዓት የተከተለ፣ በተለይም ዶሪክ፣ አዮኒክና ቆሮንቶሳዊ በሚባሉት የዓምድ ሥርዓቶች የሚታወቅ ዘይቤ ነው። «ጥንታዊ» ብለን ከተረጐምነው በኋላ ይህንኑ ሥርዓት ያንሰራራው የኋለኛው ዘመን ዘይቤ ሲመጣ «አዲስ ጥንታዊ» ለማለት እንገደዳለን፤ ይህም ለአንባቢ ትርጕም አይሰጥም። «ግሪክ ሮማዊ ዘይቤ» እና «ዳግም ግሪክ ሮማዊ ዘይቤ» ቢባሉ ረዘም ቢሉም ግልጽ ይሆናሉ።

ሦስተኛው «ባህላዊ» ነው። ባለሙያ አርክቴክት ሳይነድፈው የአካባቢው ሰው በቅርብ በሚያገኘው ነገርና በወረሰው ልማድ የሚሠራውን ቤት አውሮፓውያን የሚጠሩበት ቃል ከቋንቋ ጥናት ጋር ዝምድና አለው። «ቨርናኩላር» የሚባለው ለአገሬው ተወላጅ ቋንቋ ሲሆን፣ የላቲን መነሻው ደግሞ «በቤት የተወለደ» ማለት ነው። በአማርኛ «ባህላዊ» ለዚህ አይበቃም፤ ለጭፈራውም፣ ለልብሱም፣ ለምግብ ቤቱም የሚነገር ሆኖ ፍቹ ስለ ላላ ነው። የሥነ ቃል ተመራማሪዎች የለመዱት «ሀገረሰባዊ» ለሕንፃም ቢዛወር ተስማሚ ነው።

6. ስም ያጡ የአገር ዘይቤዎች

ከሁሉ የሚያሳስበው ግን ይህ ነው። ለቤት ሠሪ የሚቀርቡት የንድፍ መግለጫዎች ለውጭ ዘይቤዎች «ሞደርን»፣ «ክላሲክ»፣ «ሜዲትራኒያን» እያሉ ለየብቻ ስም ሲሰጡ የኢትዮጵያን ሁሉ «ባህላዊ» በሚል አንድ ቃል ይጠቀልላሉ። ስም የሌለው ነገር ደግሞ ለምርጫ አይቀርብም። ቢያንስ የሚከተሉት ተለይተው ሊጠሩ ይገባል።

የአክሱም ዘይቤ፤ ግድግዳው ድንጋይና እንጨት በመፈራረቅ የሚሠራና «የዝንጀሮ ራስ» የሚባሉት ክብ የእንጨት ጫፎች ወደ ውጭ ብቅ የሚሉበት ነው። በደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን በእንጨቱ ይታያል፤ በአክሱም ሐውልቶች ላይ ደግሞ ከድንጋይ ተቀርጾ ይገኛል። «የዝንጀሮ ራስ» የሚለው ሥያሜ በራሱ የተሟላ ሙያዊ ቃል በመሆኑ ሌላ መፈለግ አያሻም።

የጎንደር ዘይቤ፤ ዐፄ ፋሲለደስ ጎንደርን ከመሠረቱበት ከ17ኛው መቶ ዓመት ወዲህ የተስፋፋ፣ ድንጋይን በኖራ አያይዞ የሚገነባ፣ በማዕዘኑ ክብ ግንብና ጉልላት ያለው ነው። በዚህ «ግንብ» የሚለው ቃል ከግንባታው ስልት ተነሥቶ የሕንፃው ስም ሆኗል።

የሐረር ዘይቤ፤ በሐረሪ ቋንቋ «ጌይ ጋር» የሚባለው ነው። መለያው ከውጭ መልኩ ይልቅ የውስጥ አደላደሉ ሲሆን «ነደባ» የሚባሉት ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩ መደቦች የተቀማጩን ማዕርግ ያሳያሉ። ሁለቱም ቃላት እንዳሉ ወደ አማርኛ ቢገቡ ከማንኛውም ትርጕም የተሻሉ ናቸው።

ህድሞ፤ በትግራይና በኤርትራ ደጋ የሚሠራ፣ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ያለው፣ ጣሪያውም በእንጨት ርብራብ ላይ ዐፈር ተደልድሎበት ጠፍጣፋ የሆነ ቤት ነው። ጠፍጣፋ ጣሪያን «ዘመናዊ» ብሎ የሚገልጽ ትርጕም ስሕተት መሆኑን ይህ ቤት ብቻውን ያስረዳል።

የዶርዜ ቤት፤ በቀርከሃ የሚጠለፍ፣ ቁመቱ ረዥም የሆነ፣ ሥሩ በምስጥ ሲበላ ከታች እየተቈረጠ የሚያጥር፣ ሲያስፈልግም ተነሥቶ ወደ ሌላ ቦታ የሚዛወር ነው።

የቀድሞው አዲስ አበባ ዘይቤ፤ ከከተማዪቱ መቈርቈር በኋላ የኢትዮጵያ፣ የሕንድና የአርመን ሠሪዎች እጅ የተገናኘበት፣ ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ የእንጨት በረንዳ የሚዞረው፣ የጣሪያው ጠርዝ በተቀረጸ ጣውላ የሚያጌጥ ነው። ዛሬ የአዲስ አበባ ሙዚየም የሆነው የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት ከሚጠቀሱት አንዱ ነው።

ይህ ማለት ዛሬ ቤት የሚሠራ ሁሉ ጎጆ ወይም ግንብ ይሥራ ማለት አይደለም። ዘይቤ በስሙ ሲታወቅ ምክንያቱም አብሮ ይታወቃል ለማለት ነው። ህድሞ ጣሪያው ጠፍጣፋ የሆነው የአካባቢው ዝናብ መጠነኛ ስለ ሆነ ነው፤ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ፣ አብዛኛውም በክረምት፣ በሚወርድበት በአዲስ አበባ ግን ጠፍጣፋ ጣሪያ የመረጠ ሰው ስለ ውሃ መውረጃውና ስለ አሸንዳው አስቀድሞ ማሰብ አለበት። ወፍራም ግድግዳ ቀኑ ሞቆ ሌሊቱ ለሚቀዘቅዝ ደጋ ይስማማል፤ ለቈላ ግን ነፋስ የሚያሳልፍ አሠራርና ጥላ የሚሰጥ በረንዳ ይሻላል። «ዘመናዊ» ወይም «ባህላዊ» ከሚለው ቅጽል ይህን የመሰለ ዕውቀት አይገኝም።

7. ለተርጓሚዎች የቀረበ አሠራር

ከላይ እንደ ተመለከተው አማርኛ የሚተማመነው በተናጠል መስፈርቶች ነው። ስለዚህ ተርጓሚው የዘይቤውን ስም ብቻ አስቀምጦ ከመሄድ ይልቅ በመጀመሪያ መጠቀሻው ላይ ስሙን አስቀድሞ መስፈርቶቹን በተራ ቢያስከትል ይመከራል፤ ቅደም ተከተሉም ዘይቤ፣ የቤት ዐይነት፣ ከፍታ፣ ግድግዳ፣ ጣሪያ፣ ጌጥ ቢሆን ጥሩ ነው። ለምሳሌ «የሜዲትራኒያን ስታይል ቪላ» በሚል አጭር ሐረግ ፋንታ፣ «በሜዲትራኒያን ዘይቤ የሚሠራ፣ በራሱ ግቢ የሚቆም መኖሪያ ቤት፤ ምድር ቤትና አንድ ፎቅ ያለው፤ ግድግዳው በነጭ ልስን፣ ክዳኑ በሸክላ የሆነ፤ በፊቱ ቅስት ያለው በረንዳ የሚገኝበት» ብሎ መጻፍ ይቻላል። ርዝመቱ ሊያሳስብ አይገባም፤ በውል ላይ የበዛ ቃል ከጐደለ ቃል ይረክሳል። በሚቀጥሉት ገጾች ላይ የዘይቤው ስም ብቻውን ይበቃል።

8. የቀረቡ ሥያሜዎች

የሕንፃ ዘይቤ፤ የአንድን ቦታ ወይም ዘመን ሕንፃዎች የሚለይ ወጥ መልክና ባሕርይ።
የአሠራር ስልት፤ ሕንፃው የሚቆምበት የሥራ ዘዴ።
የቤት ዐይነት፤ በአገልግሎትና በአቋም የሚደረግ ምደባ።
ሞደርን ዘይቤ፤ በ20ኛው መቶ ዓመት የተስፋፋው የታወቀ ዘይቤ።
የወቅቱ ዘይቤ፤ በዛሬው ዘመን የሚሠራበት።
ግሪክ ሮማዊ ዘይቤ፤ በዓምድ ሥርዓቶች የሚታወቀው።
ሀገረሰባዊ ዘይቤ፤ የአካባቢው ሰው በወረሰው ልማድ የሚሠራው።
ምድር ቤት፤ ከመሬት ጋር እኩል የሆነው ደረጃ ብቻ።
ከርሰ ምድር ቤት፤ ከመሬት በታች ያለው ክፍል፤ ዛሬ ይህንም «ምድር ቤት» የሚሉ ስላሉ የግድ ሊለይ ይገባል።
ፎቅ፤ ከምድር ቤት በላይ ያለው እያንዳንዱ ደረጃ።
ቪላ፤ በትርጕም ሥራ ላይ የፎቁ ቍጥር ሳይጠቀስ ብቻውን እንዳይገባ።

እነዚህ ሥያሜዎች የተወሰነላቸው ሳይሆኑ ለምርመራ የቀረቡ ናቸው። በተለይ አናጺዎች፣ ግንበኞችና የሣር ቤት ከዳኞች በየአካባቢው የሚናገሯቸው ቃላት ገና አልተሰበሰቡም፤ ከተሰበሰቡም በኋላ ከላይ ከቀረቡት አንዳንዶቹ በተሻለ ቃል ሊተኩ ይችላሉ። ሽማግሌው ቤት ሠሪ የሚያውቀው ቃል እርሱ ሲያልፍ አብሮት ያልፋልና አንባቢያን በየአካባቢያቸው የሚያገኙትን የቤት አካልና የቤት ዘይቤ ስም ከነአገባቡ ጽፈው ቢያቈዩ ለመዝገበ ቃላት ሥራ ብቻ ሳይሆን ነገ ቤት ለሚሠራውም ሰው ይጠቅማል።